መኪናም ትኩሳት ይይዛታል



ባለፈው ወር በ15 ቀን፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ተፈጽሞ ስንወጣ፣ እንደ ልማዳችን የድሮ የካዛንቺስ ጎረቤቶች በሩ ላይ ተገናኘን። ሰፈራችን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ከተነሣ ወዲህ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በደቡብ የከተማው ጫፍ ገብቷል። ድሮ በአጥር ላይ ለቡና የምንጠራራ ሰዎች ዛሬ የምንተያየው በወር አንድ ቀን ነው። ስለዚህ የወሩን ወሬ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ለመጨረስ እንሻማለን።

አንዷ ጎረቤቴ ፊቷ በርቶ መጣች። «ሲስተር፣ ዘንድሮ ስለቴን ላደርስ ነው! ልጄ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ሊወስደኝ ነው፣ በገዛ መኪናው።»

«እሰይ! ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት?»

«እኔ፣ እሱ፣ ሚስቱ፣ እህቱ፣ ሦስቱ ልጆች። ልጆቹን ጭናችን ላይ እናደርጋቸዋለን። ደግሞ መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፣ ማርሽ መቀያየር የለ፣ ምን ይቸግረዋል?»

እኔም ደስ አለኝ። ግን ሳላስበው ከአፌ የወጣው ጥያቄ ሌላ ነበር። «የካምቢዮ ዘይቷ መቼ ነው የተቀየረው?» አልኳት።

ሳቀች። «አንቺ ደግሞ፣ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?»

መካኒክ አይደለሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሰው ሙቀት ስለካ ነው። ይሁን እንጂ የአውቶማቲክ ካምቢዮን ትኩሳት ዓባይ በረሃ ላይ አንድ ጊዜ ተምሬዋለሁ፤ ክፍያውም ቀላል አልነበረም። የበዓልና የሠርግ ወራት እየመጡ ስለሆነ፣ ብዙ ልጆችም እናት አባታቸውን ጭነው አገር ቤት ለመሄድ እየተሰናዱ ስለሆነ፣ የዛሬውን ገጽ ለዚህ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ጥር ውስጥ ነው። ባለቤቴ ጡረታ ወጥቶ ያገለገለች ትንሽ አውቶማቲክ መኪና ገዝተን ነበር። ደብረ ማርቆስ የዘመድ ሠርግ ተጠራን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ78 ዓመቷ አማቴ፣ ልጃችንና የሁለት ዓመት ሕፃኗ ሆነን ከካዛንቺስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። የኋላው ሣጥን በስኳር፣ በዘይትና በብርድ ልብስ ተሞልቷል። ጣሪያዋ ላይም ሁለት ሻንጣ ታስሯል። ሠርግ ቤት ባዶ እጅ አይገባም አይደል?

ጎሐ ጽዮን ቁርስ በልተን ቁልቁለቱን ጀመርን። መንገዱን የማታውቁት ካላችሁ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር ርቀት ከደጋው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ወንዙን መሻገር፣ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ላይ ሹራብ ለብሳችሁ የተሳፈራችሁ፣ ታች በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው ድልድይ ላይ ስትደርሱ ሸሚዝም ይከብዳችኋል።

ባለቤቴ ቁልቁለቱን ሁሉ ማርሹን «ዲ» ላይ አድርጎ በፍሬን ብቻ ወረደ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ከፊታችን ጭነት የያዙ ከባድ መኪናዎች ተደርድረዋል። እሱ ለመቅደም ነዳጅ ይረግጣል፤ ከፊት መኪና ሲመጣ ይተዋል፤ ደግሞ ይረግጣል። ሕፃኑ በሙቀቱ ስላለቀሰ የማቀዝቀዣው አየር እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

መጀመሪያ የሸተተኝ እኔን ነው። ያረረ ዳቦ የሚመስል፣ ትንሽ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ። የባለቤቴን ማጅራት አየሁት፤ ላብ አጥምቆታል፣ መሪውን ጨብጦ ዝም ብሏል። በሚነዳበት ጊዜ አስተያየት አይወድም። «ከጭነት መኪናዎቹ ነው የሚሸተው» ብዬ ራሴን አታለልኩና ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ትኩሳት ያለበትን ሕፃን አይቼ አልፌ አላውቅም። ሌሊትም ቢሆን፣ ሐኪሙ ቢቆጣም ቀስቅሼ «ሙቀቱ ጨምሯል» እላለሁ። የዚያን ቀን ግን የገዛ ቤተሰቤ የተሳፈረባት መኪና ስትታመም አፌን ያዝኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተሩ መጮኽ ጀመረ፣ መኪናዋ ግን እንደ ጩኸቱ አትሄድም። ልጃችን «አባዬ፣ ምን ሆና ነው?» ስትለው «ዳገት ነው፣ ዝም በይ» አላት። እንደገና ረገጠ። አንድ ሁለት መታጠፊያ ከወጣን በኋላ ነገሩ አለቀ። ሞተሩ ይሠራል፣ ማርሹ «ዲ» ላይ ነው፣ መኪናዋ ግን ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬን ያዘ። እኔ ዘልዬ ወርጄ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረግሁ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ዛፍ የሚባል በቅርብ የለም።

ያኔ ዞር ስል አማቴ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ፈዝዞ አየኋቸው። ለደም ግፊታቸው ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ይወስዳሉ። በዚያ ላይ ለካ «መንገድ ላይ ሽንቴ ይመጣብኛል፣ አስቸግራችኋለሁ» ብለው ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጉንጭ ውኃ አልጠጡም። የልብ ምታቸውን ስይዝ ፈጣንና ደካማ ነው። ተነሡ ስላቸው ራሳቸውን አዞራቸው። በሻንጣችንና በነጠላችን ጥላ ሠርተን፣ እግራቸውን ከፍ አድርገን፣ ውኃ ጥቂት በጥቂት አጠጣናቸው። እግዜር ይስጠው፣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ቆሞ እሳቸውን፣ ልጃችንንና ሕፃኑን ደጀን አደረሰልን። የአማቴ ነገር በደኅና አለፈ። መኪናዋ ግን በሁለተኛው ቀን በጭነት መኪና ላይ ተጭና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች።

ቂርቆስ አካባቢ ያለ አንድ መካኒክ ካምቢዮውን ፈታው። ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሶ አሳየን። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት የቡና አተላ መስሏል፤ ውስጡም የተፋቀ ነገር አለበት። «ማዘር፣ ካምቢዮው በድንገት አልሞተም። ዳገቱን ሙሉ ሲነግራችሁ ነበር» አለኝ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «ሸቶሽ ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቆጣለህ ብዬ።»

ትንሽ ዝም አለና «እቆጣ ነበር» አለ።

ለቤታችን ጣሪያ ያጠራቀምነው ገንዘብ ካምቢዮው ላይ አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህንን ነገር ጠይቄ ተምሬዋለሁ። መካኒኩ የነገረኝን በእኛ በነርሶች ቋንቋ ላስረዳችሁ።

በእጅ በሚቀየር መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኛቸው ፍሪሲዮን ነው። በአብዛኞቹ አውቶማቲኮች ላይ በዚያ ቦታ ዘይት የሞላበት ኮንቨርተር የሚባል ክብ ዕቃ አለ። በውስጡ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ማራገቢያዎች አሉ እንበል። ሞተሩ አንደኛውን ያሽከረክራል፤ እሱ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ ሁለተኛውን ያዞራል። በሜዳ ላይ፣ በደኅና ፍጥነት ሲኬድ ሁለቱ እኩል ስለሚዞሩ ሙቀቱ ትንሽ ነው። ዳገት ላይ፣ ጭነት በዝቶ፣ በዝግታ ሲኬድ ግን አንደኛው በኃይል ይዞራል፣ ሁለተኛው ይዘገያል። በመካከል ያለው ዘይት ይፈተጋል። ነዳጁ መኪናዋን በመግፋት ፈንታ ዘይቱን ያሞቃል ማለት ነው።

ይህ ዘይት ለካምቢዮው እንደ ደም ነው። ኃይል ያስተላልፋል፣ ያለሰልሳል፣ ሙቀትም ተሸክሞ ያወጣል። በብዙ መኪናዎች ላይ ሙቀቱን የሚጥለው በቀጭን ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ሄዶ ነው። ራዲያተሩ ከተደፈነ ወይም ሞተሩ ራሱ ከሞቀ ካምቢዮውም የሚተነፍስበት ያጣል።

ጤነኛ ዘይት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሠራል። ወደ 120 ሲያልፍ መበላሸት ይጀምራል፤ ከዚያም በላይ ሲሄድ በውስጥ ያሉት ጎማዎች ይደርቃሉ፣ ማርሾቹን የሚይዙት ስስ ፍሪሲዮኖች ያርራሉ። በመካኒኮች ዘንድ የታወቀ ግምት አለ፤ ከጤናው መጠን በላይ እያንዳንዱ 10 ዲግሪ ገደማ የዘይቱን ዕድሜ በግማሽ ይቀንሰዋል ይላሉ። የሰውም ትኩሳት እንዲሁ ነው። 37 እና 40 በቁጥር ሲታዩ ይቀራረባሉ፣ አልጋ ላይ ግን በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት አለ።

የእኛ አገር ነገር ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ኃይሉን በዚያው ልክ ያጣል፤ ስለዚህ እግራችን ነዳጅ ላይ ይበረታል። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ እስከ ዋሻው የሚወጣ ሰው ከ1,500 ሜትር በላይ ይወጣል። ወደ ቁልቢ የሚሄደውም ከአዋሽ ሙቀት በኋላ አሰበ ተፈሪንና ሂርናን አልፎ የጨርጨርን ተራሮች ይያያዛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ በምእመናኑ ብዛት መኪናው ሁሉ እንደ ኤሊ ዳገቱን የሚድህበት ቦታ አለ። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከመነሣታችሁ በፊት፦ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀራችሁ መኪናዋን መካኒክ አሳዩ። የካምቢዮ ዘይቱ መጠንና መልክ ይታይ፤ ራዲያተሩ፣ ማራገቢያውና የማቀዝቀዣው ውኃም ይፈተሹ። «የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ ነው፣ አይነካም» የሚሉ አሉ። ጭነትና ዳገት ለበዛበት አገር ብዙ ባለሙያዎች ከ40 እስከ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ እንዲቀየር ይመክራሉ። የቀድሞ ታሪኳ ለማይታወቅ ያገለገለች መኪና ይህ ዋና ጉዳይ ነው። የዘይቱን ዓይነት ደግሞ ከመኪናዋ መመሪያ ወይም ከሚያውቅ ሰው አረጋግጡ። በከተማችን የሞሉት ትንንሽ መኪናዎች ግማሾቹ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ናቸው፤ አዲሶቹ ብዙዎቹ ደግሞ በብረት ቀበቶ የሚሠራው ሲቪቲ የሚባለው ናቸው። የአንዱ ዘይት ለሌላው አይሆንም። ደም እንደ መስጠት ነው፤ ዓይነቱ ካልገጠመ የተሰጠው ራሱ ይገድላል።

ጭነቱን ቀንሱ፦ አምስት ሰው የምትይዝ መኪና ላይ ሰባት ሰው አይጫንም። ለካምቢዮው ብቻ ብዬ አይደለም። ጭን ላይ ያለ ልጅ በአደጋ ጊዜ ማንም አይዘውም። ከባዱን ዕቃ በአውቶቡስ ላኩት፤ ስኳርና ዘይትም ከመድረሻው ከተማ ሊገዛ ይችላል።

ቁልቁለት ላይ፦ በ«ዲ» ብቻ፣ በፍሬን ብቻ አትውረዱ። ማርሹን ወደ ዝቅተኛው አውርዱት። በአንዳንዱ መኪና «2» እና «ኤል» ይባላል፤ በሌላው «ኤስ» እና «ቢ» ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዛታል፣ ፍሬኑም አይግልም። ያንን ዳገት ለመውጣት በምትመርጡት ማርሽ ውረዱ፣ ይላሉ የድሮ ሹፌሮች። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ «ኤን» ላይ፣ ማለት በዜሮ ማርሽ መውረድ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ ቁማር ነው።

ዳገት ላይ፦ «ዲ» ላይ ብቻ ስትተዉት ካምቢዮው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ማርሽ ይቀያይራል፣ በዚያም ይሞቃል። ዝቅተኛውን ማርሽ መርጣችሁ፣ እግራችሁን ሳታወዛውዙ በአንድ ልክ ያዙ። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ከፍ ቢል አትፍሩ፤ ዘይቱንና ውኃውን የሚያዘዋውሩት ፓምፖች ፈጥነው ይሠራሉ። ከጭነት መኪና ኋላ ተለጥፋችሁ አትዳሁ። ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና ይራቅ። ዳገት ላይ ስትቆሙ መኪናዋን በነዳጅ አንቀጥቅጣችሁ አትያዙ፣ በፍሬን ያዙ። መኪናዋ ከከበዳት ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ መስኮት ክፈቱ። ቁልቢ ስትደርሱም ሰዉ በሚጨናነቅበት ዳገት ላይ ሰዓታት ከመዳህ፣ ታች አቁሞ ጤና ያለው በእግሩ ቢወጣ የስለቱም ወግ ነው።

ምልክቶቹ፦ ያረረ ሽታ፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አለመሄድ፤ ማርሽ ሲገባ መዘግየት ወይም መንገጭገጭ፤ ከመኪናዋ ሥር ቀይ ወይም ቡናማ ዘይት መንጠባጠብ። በአንዳንድ ትልልቅ መኪናዎች ላይ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መብራት አለ። በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪናዎች ላይ ግን የለም፤ ፊት ለፊት የምናየው የሙቀት ምልክት የሞተሩ ነው። ሞተሩ ደኅና እያለ ካምቢዮው ሊያር ይችላል። ቴርሞሜትር የሌለው ሕመምተኛ ነውና በአፍንጫችንና በጆሯችን ነው የምንለካው።

ምልክት ሲታይ፦ ከመታጠፊያ ርቆ ሜዳ የሆነ ቦታ ስታገኙ ከመንገዱ ውጡ። ማርሹን «ፒ» ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከኋላ አስቀምጡ። ሞተሩ ራሱ ከልክ በላይ ካልሞቀ ወዲያው አታጥፉት። ዘይቱን ወደ ራዲያተሩ የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ያለ ነዳጅ ይዙር። የሞተሩ ቀይ መብራት ከበራ ግን አጥፉት። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀዝቅዛ ስትነሡ ሽታው ወይም መንሸራተቱ ከተመለሰ አትግፉበት፤ እርዳታ ጥሩ። አውቶማቲክ መኪና ደግሞ የሚነዱት ጎማዎቿ መሬት እየነኩ ረጅም መንገድ አትጎተትም። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር ካምቢዮው ውስጥ ዘይት አይንቀሳቀስም፣ የቀረውም ይበላሻል። በጭነት መኪና ላይ ትጫን። ስትሄዱ ደግሞ እባካችሁ ድንጋዩን ከመንገዱ ላይ አንሡት፤ ማታ ለሚመጣው ሰው ሞት ነው።

የራዲያተሩን ክዳን በጋለ ሞተር ላይ አትክፈቱ፣ ቀዝቃዛ ውኃም አትድፉበት። ባለቤቴ የዚያን ቀን ሊከፍተው ሲል እጁን ይዤ ነው ያስቀረሁት። በሥራ ዘመኔ በራዲያተር እንፋሎት ፊታቸውና ደረታቸው የተቃጠለ ሹፌሮች አክሜያለሁ። ቢደርስ ግን የተቃጠለውን ቦታ 20 ደቂቃ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አቆዩት፤ ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና አይቀባም። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። መኪናዋ ስትቆም የሚሞቀው ካምቢዮው ብቻ አይደለም። መስኮቷ የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ በ10 ደቂቃ ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል ልትጨምር ትችላለች፤ ልጅም ሽማግሌም ውስጧ አይተው። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ያዙ። ኦ አር ኤስም በቦርሳችሁ ይኑር። ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ።

እናንተ ታላላቆቼ ደግሞ፣ ሽንት ፈርታችሁ ውኃ አትከልከሉ። ልጆቻችሁ በየሁለት ሰዓቱ ቢቆሙላችሁ ለእናንተም ለመኪናዋም ጤና ነው። ሽንት የሚያበዛ ኪኒን የምትወስዱ፣ በመንገድ ቀን እንዴት እንደምትወስዱት አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ኢንሱሊን ከመኪናው የፊት መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ፣ በሙቀት ይበላሻል። በሙቀት የደከመ ሰው ራሱን ሲያዞረው ጥላ፣ ውኃና እረፍት ይበቃው ይሆናል። ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ግን የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ልብሱን አላልታችሁ፣ ውኃ እያርከፈከፋችሁ፣ እያራገባችሁ የተገኘውን መኪና ለምናችሁ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ ብዙዎቻችን ያለችንን መኪና አስታመን ማቆየት ግድ ሆኖብናል። ይህም አንድ ምክንያት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ምክንያት ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ናቸው።

እኛ ቤት ከዚያ ጉዞ በኋላ አንድ ሕግ አወጣን፤ የሸተተው ይናገር፣ የሚነዳው ያቁም። ከመነሣታችን በፊት፣ መኪና ውስጥ ገብተን፣ ጮክ ብለን እንናገረዋለን። ሕፃንም ቢሆን «ይሸተኛል» ካለ ይቆማል። ምንም ባይሆን አሥር ደቂቃ ከሰርን ማለት ነው፤ እግራችንን እናፍታታለን፣ ውኃ እንጠጣለን። ሹፌሩ ዳገቱ ላይ መወሰን አይኖርበትም፣ ሌላውም ቁጣ ፈርቶ ዝም አይልም፤ ውሳኔው ቤት ውስጥ አልቋልና።

በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ ያንኑ መንገድ እንደገና ሄድነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ሦስት ጊዜ ቆምን። ሦስተኛውን ያስቆሙት አማቴ ናቸው። «ኧረ አንድ ነገር ይሸተኛል» አሉ። ባለቤቴ አንድ ቃል ሳይናገር ጥግ ይዞ አቆመ። ወርደን ብናይ ሽታው የራሳችን የዶሮ ወጥ ነበር፤ ድስቱ ተከፍቶ ፈስሷል። ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን ከልቡ «እናቴ፣ ደግ አደረግሽ፣ ነገም ከሸተተሽ ንገሪኝ» አላት።

ለጎረቤቴ ይህንን ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ነገርኳት። ቡናዋ እንዳይቀዘቅዝባት እንደ ድሮው አጥር ላይ ተደግፈን ብናወራ በወደድኩ፤ አሁን ግን አጥሩም የለም። በማግሥቱ ልጇ ደወለልኝ። «ሲስተር፣ ዘይቱን አሳየሁት፣ ጠቁሯል አሉኝ፣ ላስቀይረው ነው» አለ። «እህቴና አንዱ ልጅም በአውቶቡስ ይመጣሉ።»

«እናትህስ ምን አሉ?»

«እማዬማ ከኋላ ሆኜ እያሸተትኩ እሄዳለሁ ብላለች።»

የቁልቢው ገብርኤል በሰላም ያድርሳቸው። እናንተንም በዓልና ሠርግ ደስ ብሏችሁ ውላችሁ፣ በደኅና የምትገቡበት ያድርግላችሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።